የወልደ ሩፋኤል መስመር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከባጃጅ ወርዳ በሬን አንኳኳች። የጥላሁን የልጅ ልጅ ነበረች። የቤተሰቧን ታሪክ ትጽፋለች፤ አያቷን በጸሎት ለማስጠራት ደግሞ የክርስትና ስሙን ፈልጋ የሚያውቅ ሁሉ ሞቶባታል።

«የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም አሉኝ፣ አባባ።»

ስሙን አውቀዋለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ አንድም ቀን አልረሳሁትም። በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከፈረስ መጋላ ገበያ ጀርባ፣ በአያቴ ቤት ነበር። አያቴ ሲሞቱ አጎቶቼ አባቴን «ተጥሎ የተገኘ ልጅ እንጂ ወንድማችን አይደለም» ብለው ከሰሱት። የአያቴ ጎረቤትና ወዳጅ የነበረው ጥላሁን ምሎ መሰከረላቸው። ቤቱ ተወሰደ፤ ሐኪም ጋራ ሥር አንዲት ክፍል ገባን። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ተጥሎ የተገኘው» እየተባለ ኖረ።

ሲሞት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ኦቾሎኒ ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቅዳጅ ነው። ማንበብ ከቻልኩ ዘንድ ፍርዱን በዓይኔ አያለሁ ብዬ ከከተማው ግንብ ውጭ ወዳለው ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ሦስት ቀን አመላለሰኝና በአራተኛው ፋይሉን ከነአቧራው ፊቴ ጣለው። የጥላሁን ቃል እዚያ ነበር፦ «ልጁ ሲወለድም ሲጠመቅም አላየሁም። ከየት እንደ መጣ አላውቅም።» በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቴ ቃል በቃል ገለበጥኩት።

ከዚያ የጥምቀት መዝገቡን ልፈልግ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ዘይቱን የበሰለበት ወር ነበር፤ መዝገቡ ያለበት ክፍል ሳይቀር በፍሬው መዓዛ ታውዷል። ሳምንት ሙሉ «ከበደ» የሚለውን የአባቴን ስም ፈለግሁ። የለም። አጎቶቼ እውነት ተናግረው ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ይህን ፍርሃት ለእናቴም አልነገርኳትም። በመጨረሻ መሪጌታው ታከታቸው።

«ማንን ነው የምትፈልገው?»

«አባቴን። ከበደን።»

«ከበደ ብሎ የሚያጠምቅ ቄስ የት አይተሃል? የክርስትና ስሙስ?»

«አላውቅም።»

«በፍትሐቱም በተዝካሩም ወልደ ሩፋኤል እያልን ስንጠራው የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«ጆሮህንስ የት ትተኸው ነው?»

እውነታቸውን ነው። አባቴን ስቀብር የማስበው ስለ ጠላቶቹ ነበር።

ወልደ ሩፋኤልን ወዲያው አገኘሁት። አባቱ ወንዱ አያቴ፤ እናቱ ሴቷ አያቴ። ከጎኑ የክርስትና አባቱ ስም ተጽፏል፦ ጥላሁን፣ ከነክርስትና ስሙ። ሲጠመቅ አላየሁም ያለው ሰው ሕፃኑን ታቅፎ የቆመው ራሱ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ በር ላይ ጠበቅሁት። በሕዝቡ ፊት ከፍርድ ቤት የገለበጥኩትን አነበብኩ።

«ታዲያ ምን ይሁን? ምያለሁ» አለ።

ከጥምቀት መዝገቡ የገለበጥኩበትን ሁለተኛውን ወረቀት አጥፌ ያዝኩ። «ጋሽ ጥላሁን፣ ያን ቀን ታቅፈውት የቆሙትን ሕፃን ካህኑ ማን ብለው ጠሩት?»

«ወልደ ሩፋኤል» አለ። ከአፉ አመለጠው። ከኋላዬ አንዲት ሴት «እግዚኦ!» ስትል ሰማሁ።

ቤቱ አልተመለሰም፤ ጊዜው አልፏል ተባልኩ። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን ጥላሁን አጠገብ የሚቆም ሰው ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከብኝ፤ ሦስት ጊዜ መለስኳቸው። ቀብሩም ላይ አልቆምኩም።

እና አሁን የልጅ ልጁ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ጻፊ፣ መስመሩን እንዳለ» አልኳት። «ወልደ ሩፋኤል። የክርስትና አባቱ ጥላሁን። የጥላሁን የክርስትና ስም ገብረ ማርያም።»

«ወልደ ሩፋኤል ማን ነው?»

«የአያትሽ የክርስትና ልጅ። የኔ አባት።»

ከሣጥኔ ያን የፍርድ ቤት ግልባጭ አውጥቼ ሰጠኋት። «ይኼንንም።»

ስታነበው ፊቷ ተለወጠ። «አባባ፣ ይሄ የግድ ነው?»

«ከወሰድሽ ሁለቱን ነው። ስሙን ብቻውን አልሰጥም።»

አጎንብሳ ሁለቱንም ጻፈች። እሷ ምንም አላደረገችኝም፤ ይህንንም አውቃለሁ።

ልጆቼን በሐሰት አትመስክሩ፣ የበደላችሁን ይቅር በሉ እያልኩ በቁጣ አሳድጌያቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ራሴም ጠብቄያለሁ። ሁለተኛውን ግን አልቻልኩም። ስለዚህ አልዋሽም፤ ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ የበላሁት ምሳ ጣፈጠኝ።