ዛሬ ስልጠና ላይ የተሳቀበት መምህር

«አስተማሪ ሆነህ ማንበብ ያቅትሃል?» አለው አሰልጣኙ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ይህ የሆነው ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ነው። ስልጠናው ደግሞ ማንበብ የሚቸግራቸውን ተማሪዎች ስለመርዳት ነበር!

ከወግዲ የመጣው መምህር ይመር (ስሙን እንድጠራ ፈቅዶልኛል) ሞጁሉን አንብብ ሲባል «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፊደሉ ይምታታብኛል፤ ሌላ ሰው ያንብበው» ብሎ ለምኖ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ሳቀበት።

አብሬው የምሰለጥነው እኔ ተናድጄ ሞጁሉን ተቀበልኩና አነበብኩት። «ተማሪን ሰው ፊት አስገድደን አናስነብብ» ይላል። አሰልጣኙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በጣም ጥሩ፣ ወደሚቀጥለው ገጽ እንሂድ!»

«ልጅ ሆኜም እንዲሁ ይሳቅብኝ ነበር» አለኝ ይመር በእረፍት ሰዓት። «ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ለየብቻ የማስነብባቸው።» ስልጠናውን መስጠት የነበረበት እሱ ነው እኮ!

እናንተስ፣ ሰው ፊት አንብቡ ተብላችሁ ተሸማቃችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ነገ ለአሰልጣኙ አነብለታለሁ።