ማስትሮ ለእኛ የተጫወተ ዕለት

የያዙኝ አሰብ ላይ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ነው። ጥፋቴ፣ ከወደብ የተባረሩት ሠራተኞች ወደ ሥራቸው ይመለሱ ብዬ ሻይ ቤት ውስጥ መናገሬ ነበር። የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳልታጠብ ባሕር ዳር ወዳለ አሮጌ የጣሊያን መጋዘን ወሰዱኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳውን ጨው ልጦታል። በሩ ከኋላዬ እንደተዘጋ እንቁላል የጣለች ዶሮ አስካካች። ደንግጬ ቆምኩ። እስረኞቹ ሳቁ።

«ይግቡ መምህር፣ አትነክስም» አለኝ አንድ ቀጭን ጠይም ሰው፣ እጄን አየት አድርጎ።

ማስትሮ ነበር የምንለው፤ ዶሮዋም እሱ ነበር። እንጀራው የወፍና የእንስሳ ድምፅ ማስመሰል ነው። አባቱ ከወሎ ወርዶ ዒድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ልጁ ግን ከሚዛኑ ይልቅ ጆሮውን ለባሕር ወፎች ሰጠ። በጀልባ አሰብ መጥቶ ሠርግ ላይ መጫወት ጀመረ። ከዚያ አስመራ ሄዶ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልሙ እስኪቀየር መድረክ ላይ ይቆም ነበር። የመን ወዳለችው ኤደንም ተሻግሮ ለመርከበኞች ተጫውቷል። ስለ አስመራው መድረክ ሲያወራ ሳያውቀው የሸሚዙን ቁልፎች ይቆልፋል። ያሳሰረውም ይኸው ሙያው ነው፤ ሠርግ ላይ የአንድ ሹም ሳል አስመስሎ ሰው አሳቀ። እሱ ከታሰረ በኋላ ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጁን ገና አላያትም።

አንድ እሑድ የእስር ቤቱ አዛዥ እንግዶች ነበሩት። ማስትሮን ወደ ግቢው አስጠራውና ምሳ እየበሉ ሳለ በአራት እግሩ ሆኖ እንደ ውሻ እንዲጮህላቸው አዘዘው። ካስደሰታቸው ያን ሌሊት ቤቱ ሄዶ እንደሚያድር ነገረው። እኛ በመስኮቱ ብረት መካከል እናያለን። ማስትሮ ቆሞ ከሆነ የፈለጉትን እንስሳ እንደሚያሰማቸው በትሕትና መለሰ። አዛዡ «ቆመህማ አይሆንም» አለ።

«እንግዲያው ይቅርብኝ፣ ጌታዬ።»

ሲመልሱት ከንፈሩ ደምቶ ነበር። እኔ ተናደድኩበት። ለአንድ አፍታ ጮኸህ ልጅህን ብታይ ምን ነበረበት አልኩት።

«መቼም አያታለሁ» አለኝ። «ትልቅ ስትሆን ግን አባትሽ በአራት እግሩ ዳኸ ብለው እንዲነግሯት አልፈልግም።»

ጥግ ላይ ከራሔይታ የመጣ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተኝቷል። ግመሎቹ ወሰን ተሻገሩ ተብሎ ነው የታሰረው፤ ትኩሳት ይዞት ሰንብቷል፣ አይናገርም። በዚያ ከሰዓት ግን ቀና ብሎ ማስትሮን በአፋርኛ አንድ ነገር ጠየቀው። ማስትሮ እንደተረጎመልን፣ ግልገሏን የምትጣራ ግመል አሰማኝ ነው ያለው።

ማስትሮ ከሚጠጣው ውሃ ላይ ቀንሶ ደሙን ታጠበ። ሁላችንንም በተርታ አስቀመጠን። ከዚያ ፊት ለፊታችን ቆሞ «ክቡራን እንግዶች» አለና እጅ ነሳ።

ጮኸ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ይቺ የተቆጣች ናት፣ የእኔዋ አትቆጣም አለ። ማስትሮ ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም አልሆነም። በመጨረሻ ድምፁን ወደ ጉሮሮው አወረደው፤ ከንፈሩ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ፤ በምላሱ ጠቅ ጠቅ እያደረገ እረኛ እንደሚመልሰው መለሰላት። ሽማግሌውን ፈገግ ሲል መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ማስትሮ ሁላችንንም አገራችሁ የት ነው እያለ እየጠየቀ የየአገራችንን ድምፅ አሰማን። ለእኔ ዝናብ ካባራ በኋላ ደሴ ላይ የምትጮኸውን የዱር ርግብ፣ ዋኔን፣ አመጣልኝ። ዘበኛው መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ፤ ዝም በሉም አላለን። ሲጨርስ መዳፋችንን ቀስ አድርገን አጨበጨብን፤ ማስትሮም እንደገና እጅ ነሳን።

እሱ ከእኔ በፊት ተፈታ። ልጁ ያኔ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራ ነበር አሉ። ሽማግሌው ድኖ ወደ ራሔይታ ተመለሰ። እኔን ሥራ ወደ ሌላ አገር ወሰደኝ፤ ሁለቱንም ዳግመኛ አላገኘኋቸውም።

ስለ እስሬ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ሙቀቱና ስለ ዱላው እንዳወራቸው ይጠብቃሉ፤ እኔም አወራላቸዋለሁ። ያቺን እሑድ ከሰዓት ግን ብዙም አላነሣትም። ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።