ጤፍ የዘነበላት ልጄ

ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም ቤቴ ድንገት ፀጥ ካለ ዛሬም ልቤ ዱብ ይላል። የያዝኩትን ጥዬ "ናርዶስ!" ብዬ ሳልጣራ፣ እሷም "አቤት" ሳትል አርፌ አልቀመጥም። ጎረቤቶቼ ልጄን የማሞላቅቃት ይመስላቸዋል። የደረሰብኝን ቢያውቁ አይፈርዱብኝም ነበር።

ጎንደር አራዳ አካባቢ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ሹሩባ ስሠራ እጄና አፌ እኩል ነው የሚሠሩት። "ዝምታ ወርቅ ነው" የሚሉኝ ደንበኞች አሉ፤ ወርቁ ለእናንተ ይሁን እላቸዋለሁ። ይህን የማወራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብድ እንድታውቁልኝ ነው።

የባሌ የጌታሁን ወላጆች ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ይኖራሉ። ጥር ላይ፣ ጤፍ ተወቅቶ ወደ ቤት በሚገባበት ሰሞን፣ መንገዱ ደህና ነው ሲባል ሦስታችን ሄድን። ጌታሁን አባቱን ሊያግዝ፣ እኔ አማቶቼን ልጠይቅ፣ ናርዶስ ደግሞ የአባቷን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ ነበር። ያኔ አራት ዓመቷ ነው።

የከተማ ልጅ ናትና ሁሉም ነገር ብርቅ ሆነባት። አህያ ሲያናፋ ሰምታ ሳቋ አልቆም ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጥጃ እጇን ሲልሳት ጮኸች፤ ወዲያው መልሳ እጇን ሰጠችው። ጠዋት በረት ውስጥ ትኩስ እበት አይታ "እማዬ፣ ይጨሳል!" እያለች ቤቱን ሁሉ ጠራችልን። እንቁላል የሚገኘው ከሱቅ ብቻ ይመስላት ስለነበር ዶሮ እንደምትጥለው ሲነገራት አላምንም አለች።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ ሁላችንንም ሰበሰቡ። አገሩ አያ ታከለ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ።

"ስሚ ልጄ፣ ዛሬ እህል ይገባል" አሉኝ። "እህል ሲገባ አይወራም፣ አይቆጠርም፣ 'ሞላ' 'አለቀ' አይባልም። በረከቱ ይሸሻል። አንች ሸጋ ሰው ነሽ፤ ምላስሽ ብቻ…" ብለው ተዉት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ቀጥለው ወደ ናርዶስ ዞሩ። "አንችም የኔ ሸጋ፣ ምንም ብታይ፣ ቢጠሩሽም እንኳ፣ ዝም ነው። እሽ?"

"እሽ አባባ" አለችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ጨዋታ ስለመሰላት ደስ ብሏታል።

ሥራው ተጀመረ። አህዮች ከአውድማው ጤፉን በጆንያ እየተጫኑ ደጅ ያደርሳሉ። ሁለት ጎረቤቶች ተቀብለው ያስገባሉ። ከቤቱ ውስጥ በስተኋላ፣ ጨለም ባለው ጥግ፣ አንድ ትልቅና አንድ አነስ ያለ የጭቃ ጎታ ከመደቡ ጋር ተጠግተው ቆመዋል። ትንሹ እንኳ ቁመቱ ከእኔ ብዙም አያንስም። ጌታሁን መደቡ ላይ ቆሞ ጆንያውን በትከሻው እየተቀበለ ወደ ትልቁ ጎታ ያዘነብላል። አያ ታከለ ዱላቸውን ተደግፈው ያያሉ። አማቴ እማማ ደብሬ የፈሰሰውን ይጠርጋሉ። ናርዶስ ከመደቡ ጫፍ፣ ከተጣጠፉ ጆንያዎች ላይ ተቀምጣለች። ከጤፉ መፍሰስ በቀር የሚሰማ ድምፅ የለም።

እንዲህ እንዳለን የኔ ስልክ ዘፈኑን ለቀቀው። አያ ታከለ እንዴት እንዳዩኝ አልነግራችሁም። ስልኬን በነጠላዬ አፍኜ ከቤት ወጣሁ፤ ግቢውን አልፌ እባሕር ዛፉ ሥር ስደርስ አነሳሁት። እህቴ ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ የታፈነ ወሬዬን ሁሉ ዘረገፍኩላት።

ስመለስ ናርዶስ መደቡ ላይ የለችም።

እጄን በልጅ ቁመት ልክ ዘርግቼ እማማ ደብሬን "የታለች?" አልኳቸው፤ በምልክት። በአገጫቸው ወደ ደጅ አሳዩኝ። ለካ እኔን ተከትላ የወጣች መስሏቸው ነው። ወጣሁ። ጥጆቹ ዘንድ የለችም። ከጭዱ ክምር ኋላ የለችም። ከቤቱ ጀርባ ገደል አለ፤ ጫፉ ድረስ ሄጄ ቁልቁል አየሁ። ጩኸት ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ግን ምናልባት አውድማው ዘንድ ሄዳ ይሆናል፣ በከንቱ ጮኼ እህላቸውን አበላሸች እንዳልባል ብዬ ዋጥኩት። አውድማው ዘንድ ሮጬ ስጠይቅ ጠባቂው ራሱን ነቀነቀ። አላያትም።

ለባሌ ልነግረው ወደ ቤት በረርኩ። ትልቁ ጎታ ሞልቶ ነበር። ምርቱ ካሰቡት በላይ ሆኖ ሁሉም በዓይናቸው ይስቃሉ። አያ ታከለ በዱላቸው ወደ ትንሹ ጎታ አመለከቱ። እማማ ደብሬ አንድ ነገር ሊሉ እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። ኋላ እንደነገሩን "ይኸኛውን አልጠረግኩትም፣ ቆዩኝ" ሊሉ ነበር። ግን አይወራም።

ጌታሁን የመጀመሪያውን ጆንያ ትንሹ ጎታ ውስጥ ማዝነብ ሲጀምር ከጎታው አፍ አንዲት ዶሮ እየተንጫጫች ተፈተለከች። ደረቱን መትታው፣ በራሳችን ላይ አልፋ፣ በበሩ ወጣች። ጌታሁን ሊወድቅ ተንገዳገደ። አንደኛው ጎረቤት ሳቁን ለማፈን የጋቢውን ጫፍ ነከሰ። ማንም ግን ቃል አልተነፈሰም። አያ ታከለ "ቀጥል" ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ጆንያው ባዶ ሆነ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ ተጫነለት።

ጌታሁንን እጁን ይዤ ወደ ውጭ ልስበው መደቡ ሥር ስደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሳል ነው። ደረቅ፣ ትንሽ፣ አፍን በእጅ ይዘው የሚያፍኑት ዓይነት ሳል። ያቺን ሳል አውቃታለሁ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ስትፈትነኝ ኖራለች። ጎንበስ ብዬ መደቡን ዙሪያውን አየሁ። ማንም የለም። ደግሞ ሳለች። ከጆሮዬ አጠገብ፣ ከጎታው ግድግዳ ውስጥ ነው።

ቀና ስል ጌታሁን ጆንያውን አዘንብሎታል።

"ተው! ጌታሁን ተው! ልጄ ውስጥ ናት!"

ጩኸቴ የእኔ አልመስል አለኝ። ጌታሁን ጆንያውን ወደ ኋላ ወረወረው፤ ጤፉ መደቡ ላይ ተበተነ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጭንቅላቱን ጎታው ውስጥ ከትቶ "ናርዶስ! እጅሽን ስጪኝ! እጅሽን!" ይላል። መልስ የለም። እስከ ወገቡ ገባ፤ ጎረቤቶቹ እግሩን ያዙት። "ፀጉሯን ነካሁት፣ እጇን አትሰጠኝም!" ብሎ ሲጮኽ ሰማሁ። በቃ ታፍናለች አልኩ። ጎታውን በቡጢ እየደበደብኩ የማን ስም እንደምጠራ እንኳ አላውቅም።

"ዞር በሉ!"

አያ ታከለ ናቸው። አፋችንን ያዘጉን እሳቸው ምሳር ይዘው መጡ። "በየት በኩል ናት?" ብለው ጮኹ። ጌታሁን "በቤቱ ግድግዳ በኩል!" አለ። በምሳሩ ጀርባ ከፊት ለፊት፣ ከግርጌው፣ አንዴ መቱት። ደግመው ሲመቱት ጎታው ተሰነጠቀ፤ ጤፉ እግራችን ላይ ፈሰሰ። እኔና ጌታሁን ጭቃውን በእጃችን ገነጠልነው። ጥፍሬ መድማቱን ያየሁት ኋላ ነው።

ናርዶስ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ሽፋሽፍቷ ሁሉ ጤፍ ብቻ ሆኗል። ዓይኗ ግን ፈጧል። በሁለት እጇ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ደረቷ ላይ ይዛለች። መንጭቄ አወጣኋትና አፍና አፍንጫዋን መጥረግ ጀመርኩ። እጄን በክርኗ ገፋችኝ።

"እማዬ፣ ቀስ!" አለችኝ በሹክሹክታ። "ይሞታሉ።"

ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። ጫጩቶች ናቸው። ገና እርጥብ ናቸው፤ አንዱ ጀርባው ላይ የእንቁላል ቅርፊት ተጣብቆበታል። "እንቁላሉ ውስጥ ነበሩ። እያየኋቸው ሰብረው ወጡ!" አለች፤ አሁንም በሹክሹክታ። እጇን ያልሰጠችው እነሱን ላለመልቀቅ ነው።

ጌታሁን ከፊቷ ተንበረከከ። "ስንጠራሽ አልሰማሽም? ለምን ዝም አልሽ?"

"ሰምቻለሁ። አባባ ቢጠሩሽም ዝም በይ ብሎኛል" አለች። ከዚያ ፊቷ ሁሉ በራ። "አባዬ፣ ጤፍ ዘነበልኝ እኮ!"

አያ ታከለ ምሳሩን ጥለው የፈሰሰው ጤፍ ላይ ተቀመጡና ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "እኔ ነኝ" አሉ። "በአፌ ገድያት ነበር።" እማማ ደብሬ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ጎታውን ከወር በፊት በእበት ለቅልቀው፣ እንዲደርቅ ከታች ጭድ አድርገው፣ አፉን ክፍት ትተውት ነበር። ያቺ ዶሮ ስትጠፋባቸው ሸለመጥማጥ በላት ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። እሷ ለካ ጎታው ውስጥ ተደብቃ ታቅፋ ኖሯል። ናርዶስ ጫጩት ጪው ጪው ሲል ሰምታ፣ በጆንያዎቹ ላይ ወጥታ፣ ተንሸራታ ገብታለች። ሁሉም ዓይናቸው ትልቁ ጎታ ላይ ስለነበር ያያት የለም።

ጌታሁን ተነስቶ ወጣ። ስከተለው ከጭዱ ክምር ኋላ ቆሞ መዳፎቹን ያያቸዋል። "በዚህ እጄ" አለኝ፤ "በገዛ እጄ ላይዋ ላይ ሳዘንብ።" ያን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አቅፌው ቆምኩ።

ጤፉን ከጭቃና ከቅርፊት ለይተን አፈስን። ዶሮዋም ራሷ ተመልሳ ጫጩቶቿን ሰበሰበች። ናርዶስ አጠገባቸው ተኝታ፣ አንዱ በእናቱ ክንፍ ሥር ራሱን ብቅ ባደረገ ቁጥር እየተንከተከተች ዋለች።

በቅርቡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ ደወለችልኝ። ልጆቹን "በጣም ደስ ያላችሁ ቀን መቼ ነው?" ብላ ጠይቃ፣ የእኔዋ "አባዬ ጤፍ ያዘነበልኝ ቀን" ብላታለች። "ምን ዓይነት ምናብ ነው ያላት!" እያለች ትስቃለች መምህሯ። "ምናብ አይደለም፣ እውነቷን ነው" አልኳት። የእሷ የደስታ ቀን የእኔ የመዓት ቀን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ እስካሁን አልቻልኩም። አያ ታከለን ተቀይሜያቸው አላውቅም። ወግ ነው፤ እኔም እሽ ብዬበት ነበር። ድንጋጤው ግን አልወጣልኝም።

ዘንድሮ የጤፍ ማስገቢያው ሲደርስ አልሄድም ብዬ ነበር። አያ ታከለ የሰው ስልክ ተውሰው ደወሉልኝ። "ምነው ልጄ፣ ልጅቱን ይዘሽ ነይ እንጅ። ያለሷ እህሌን አላስገባም" አሉ።

ሄድን። እንደ ወጉ ሁሉም ዝም አለ። አያ ታከለ ግን በሁለቱ ጎታዎች ውስጥ በባትሪ ካዩ በኋላ ናርዶስን ከቤቱ መሐል በርጩማ ላይ አስቀመጧት። "አንች አውሪ" አሏት። "የመጨረሻው ጆንያ እስኪገባ አፍሽ እንዳይዘጋ። የዚህ ቤት በረከት አንች ነሽ።"

አወራች። ስለ ጫማዋ፣ ስለ መምህሯ፣ ስለ ዶሮዋ ልጆች አወራች። ጌታሁን ጆንያውን ተሸክሞ ጎታው አፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሳያዘነብል ይጠብቃል። ድምጿን ከኋላው ሲሰማ ብቻ ያዘነብላል። እኔም ትንፋሼን የምለቀው ያኔ ነበር።