ሁለት ቄሶች በአንድ ደጅ

ወልድያ ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ፣ በሀብሩ ወረዳ ከመርሳ በላይ ባለ አንድ የገጠር ደብር በቅስና ተመደብኩ። የተቀበሉኝ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ቄስ ነበሩ። ቅዳሴ ለብቻ አይቀደስም፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን መሟላት አለበት። ከእኔ በፊት የነበሩት ካህን ስላረፉ ደብሩ ለወራት ቅዳሴ አጥቶ ነበር። ስደርስ እጄን ይዘው «እንኳን መጣህልኝ» ብቻ አሉኝ። ያን ሳምንት ቅዳሴ ሆነ።

እኔ ስብከት እወዳለሁ፤ ድምፄም ሩቅ ይሰማል። እሳቸው ንግግር አያበዙም። የታመመ ሰው ቤት ገብተው ዝም ብለው ተቀምጠው ይውላሉ፤ ሰውየውም ይጽናናል።

አብሮ ማገልገል ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ያየሁት ግን ከቤተ መቅደስ ውጭ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልተው አንዱ ሌላውን በአካፋ መታው። የተመታው ወልድያ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ገዳዩ ታሰረ፤ ሽማግሌ አባቱም በቀልን ፈርተው ቤተሰቡን ይዘው ሐራ ከተማ ዘመድ ጋ ተጠጉ። የሟች ታላቅ ወንድም ደሙን ሳልመልስ አልቀርም ብሎ ምሏል።

የገዳዩ አባት የንስሐ ልጄ ናቸው። የሟች እናት ደግሞ የባልደረባዬ የንስሐ ልጅ። አንዳችን ለብቻችን ብንሄድ የዚያኛው ወገን ሰው ተብለን እንደምንመለስ ስለገባን ሁለቱንም ቤት አብረን ልንገባ ተስማማን።

መጀመሪያ ሐራ ሄድን። አባትየው ባልደረባዬን ሲያዩ የሟች ወገን የላካቸው መስሏቸው ደነገጡ። ባልደረባዬ ግን አጠገባቸው ተቀምጠው የታሰረውን ልጅ ጤንነት ጠየቁ። ሽማግሌው ልጃቸው ከታሰረ ወዲህ ደኅንነቱን የጠየቃቸው እንደሌለ ተናግረው አለቀሱ። ይቅርታ ለመለመን ዝግጁ መሆናቸውንም ያኔ ነገሩን።

የሟች ቤት ከበደን። ወንድምየው በር ላይ ቆሞ ባልደረባዬን ካሳለፈ በኋላ እጁን ፊቴ ዘረጋ።

«አንቱ የእነሱ ቄስ ነዎት፤ ይመለሱ» አለኝ።

ባልደረባዬ ከግቢው ተመልሰው ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«እኛ የምንቀድሰው አብረን ነው፤ እሱን ከመለስክ እኔም ተመልሻለሁ» አሉት።

ወንድምየው ትቶን ገባ። እኛም ከአጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጥቂት ቆይተው እናቲቱ ራሳቸው ወጥተው ሁለታችንንም አስገቡን። ስለ ይቅርታ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እናቲቱ ሲያለቅሱ ሳይቸኩሉ የጠበቋቸው ደግሞ ባልደረባዬ። በመጨረሻ እናቲቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንዱን ቀብሬያለሁ። አንተን ደግሞ እስር ቤት ስንቅ ላመላልስልህ ነው?»

ወንድምየው ጥሎን ወጣ፤ እኛ ግን መመላለሱን አላቋረጥንም። እኔ አይሆንም ስል እሳቸው ያስነሱኛል፤ ዳገቱ ላይ ጉልበታቸው ሲይዛቸው ክንዴን እሰጣቸዋለሁ። የሰፈሩ ሙስሊም ሽማግሌዎችም አብረውን ገቡበት። ከፋሲካ በኋላ ዋርካው ሥር እርቅ ወረደ፤ አባትየው በልማዱ መሠረት ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ። ከዚያ ወንድምየው ተነሥቶ ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረደላቸው። ክረምቱ ሳይገባ ቤተሰቡ ከሐራ ተመልሶ መሬቱን አረሰ።

ኋላ ወልድያ ካለ አንድ ትልቅ ደብር ና ተባልኩ። ባልደረባዬ ሂድ፣ ለልጆችህ ትምህርት ይሻላል አሉኝ። ባለቤቴን አማክሬ ቀረሁ፤ እስካሁንም አልቆጨኝም። ብቻዬን ሆኜ ጥሩ ሰባኪ ልሆን እችል ነበር፤ ያን በር ግን ብቻዬን አላልፈውም ነበር።

በቅርቡ ሲሪንቃ አካባቢ ሊፋቱ የደረሱ ባልና ሚስት አስጠሩን። ቤታቸው እንደገባን፣ ሳንመካከር፣ እኔ ባልየው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ሚስቲቱ አጠገብ።