የማንም ያልሆነው ትምህርት

ቢቸና ሳስተምር ሰው ክፍሌ ገብቶ ቢመለከተኝ አልፈራም ነበር። የሚያስፈራ ነገር አልነበረማ! የሙያ ማሻሻያ ቡድን ነበረን፤ በተራ በተራ አንዳችን የሌላችን ክፍል ገብተን ኋላ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፣ ስንወጣም «እጅግ በጣም ጥሩ ነበር» እንባባላለን። ነቀፌታ የግድ ካስፈለገ ደግሞ ማንንም የማታስቀይም አንዲት ነቀፌታ ነበረችን፦ «ድምፅዎን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት»። ድምፄ ከግቢው አጥር ውጭ ለሚሰማው ለእኔ ሳይቀር ይህችኑ ይሉኛል። ከዚያ ሻይ ጠጥተን በሰላም እንለያያለን።

እኔ ጥሩ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብል ግን እዋሻለሁ። ሒሳብ አስተምሬ ያሳለፍኳቸው ልጆች ዛሬ ቢቸና ላይ በየቢሮው ተቀምጠው ያስተናግዱኛል፤ ወረፋም አልጠብቅም።

ወደ ሞጣ የመጣሁት በባለቤቴ ዝውውር ነው። ገና ቤቱን እንኳ አስተካክዬ ሳልጨርስ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። የስምንተኛ ክፍልን ሒሳብ የያዘችው ወጣት መምህርት ተማሪዎቿ እየወደቁባት ነበር፤ ስምንተኛ ደግሞ የክልል ፈተና የሚጠብቀው ክፍል ነው። «እስከ መንፈቅ ዓመቱ እንያት» አሉኝ። «ካልሆነላት ስምንተኛን እርስዎ ይረከቡታል፤ እሷን ወደ ታች ክፍል እንመድባታለን።» ደስ አለኝ። በአዲስ ትምህርት ቤት ሰው ዋጋዬን ቶሎ ሲያውቅልኝ ለምን ይከፋኛል?

ልጅቷ የሞጣ ልጅ ናት፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በንግድ ከኖረ የሙስሊም ቤተሰብ የተወለደች። አባቷ ገበያው ዳር የቅመማ ቅመምና የእህል ሱቅ አላቸው፤ ከልጆቻቸው ሁሉ ለንግድ የታሰበችው እሷ ነበረች። መምህርነቱን የያዘችው እሳቸው ሳይወዱት ነው። ክፍሉ ለእኔ እንደታሰበም ሰምታለች፤ ሞጣ እንዲህ ያለ ወሬ ውሎ አያድርም። ሆኖም ሳታኮርፈኝ ቀርባ እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ ስምንተኛን ከነጠቁኝ አባቴ ‹አልሆነልሽም፣ በቃ ነይ ሱቅ ተቀመጪ› ነው የሚሉኝ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ የምመልስላቸው ነገር የለኝም።»

«አይዞሽ» አልኳት። ከእኔ አፍ ሲወጣ ለራሴም ደስ አላለኝም።

የሞጣው የሙያ ቡድናችን አራት ሰው ነበረው። እኔ፣ እሷ፣ ከወላይታ ተመድቦ የመጣ የሳይንስ መምህር፣ እና ጡረታ የደረሱ የአማርኛ መምህር። እኚህ የአማርኛ መምህር በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የተማሩ ስለሆኑ ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው። ሥራችንን የጀመርነው የእሷን ክፍል በመመልከት ነበር። ትምህርቱ እኩልዮሽ ነው፤ ቁጥሮችን ከእኩል ምልክቱ ወዲህና ወዲያ እያሻገሩ ያልታወቀውን ፈልጎ ማግኘት። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል!» እያሉ ያስተጋባሉ። እኔም ስማር ያልኩት፣ ሳስተምርም ያስባልኩት እሱኑ ነው። የብቻ ሥራ ሲሰጣቸው ግን ግማሹ ያልተሻገረውን ይቀይራል፣ ግማሹ የተሻገረውን ይረሳል።

ትምህርቱ አልቆ ስንሰበሰብ የኔታ «ጥሩ ነበር» አሉ። እኔም «ጥሩ ነበር» አልኩ። የወላይታው ልጅ ጉሮሮውን ጠርጎ «ድምፅሽን ትንሽ ከፍ ብታደርጊው» አለ። ነቀፌታችን ወላይታም ትታወቃለች ማለት ነው።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ጥሩ ከሆነ ለምንድን ነው የሚወድቁት? አንዳችሁ እንኳ እውነቱን ብትነግሩኝ ምን አለበት?»

እውነት ለመናገር ተናድጄባታለሁ፤ ሰው ሲያከብራት እንዲህ ትሆናለች ብዬ። መልስ የሰጧት የኔታ ናቸው።

«ቅኔ ቤት ሳለን» አሉ፣ «ስቆጥር፣ ማለት በልቤ ሳሰናዳ፣ የዋልኩትን ቅኔ ለመምህሬ ስነግር ቤት በቤት ያፈርሱልኝ ነበር። እዚህ ሰምና ወርቁ አልገጠመም፣ ይህች ቃል ያለ ቦታዋ ገባች እያሉ። ጓደኞቼም ከበው ይሰማሉ። አልቀየምም፤ የሚፈርሰው ቅኔው ነዋ፣ እኔማ እዚያው ቆሜያለሁ። እዚህ ግን ትምህርቱ የአንቺ ነው፤ እሱን ስናፈርስ አንቺን ያፈረስን እየመሰለን ተቸገርን። እንግዲያው አንዲት ትምህርት አራታችንም አንድ ላይ እንቁጠር። ማንም ያስተምራት ማን፣ የማንም አትሁን። ከዚያ ያለ ርኅራኄ እናፍርሳት።»

ሕጉም ወጣ፦ ስንተች «አንቺ»፣ «አንተ»፣ «አንቱ» ማለት ክልክል ነው። «ትምህርቱ» ብቻ ነው የሚባለው።

ያቺን ትምህርት ስናሰናዳ ሰነበትን። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን እንጠቀም የሚለው ሐሳብ የልጅቷ ነው፤ አባቷ ሱቅ በዲጂታል ሚዛን የተተካ አሮጌ ሚዛን መጋዘን ውስጥ ነበር። ስትጠይቃቸው እንቢ አላሏትም። ከነድንጋዮቹ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ሰጧትና፣ «ሚዛኑ ሲመለስ አንቺም አብረሽው ተመለሽ» አሏት። ይህን ስትነግረን እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

መጀመሪያ የማስተምረው እኔ እንድሆን ተስማማን። ከስምንተኛ ክፍሎች ወደ አንዱ ገብቼ ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩት። ከአንዱ ወገን ምን ያህል እንደሚመዝን የማይታወቅ የባቄላ ከረጢትና ድንጋይ፣ ከሌላው ወገን ድንጋዮች ብቻ። ከሁለቱም እኩል አነሳሁ፣ ከረጢቱ ብቻውን ቀረ፣ ክብደቱ ታወቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም በቢቸና ድምፄ ወደ ሰሌዳው ዞሬ እኩልዮሹን ጻፍኩና ሠራሁት። ስወጣ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ነበር። የብቻ ሥራው ሲታረም ግን የልጆቹ ስሕተት ያው የቀድሞው ሆኖ ተገኘ።

ለትችት ስንቀመጥ የኔታ ወደ ልጅቷ ዞሩ። መሬት መሬት እያየች ጀመረች።

«ትምህርቱ… ትምህርቱ ቸኮለ።»

«እሺ፣ ቀጥይ» አሏት የኔታ።

«ትምህርቱ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ነው ያወራው። ደግሞ…» ቀና ብላ አየችኝ። «ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ‹ሲሻገር ይቀየራል› አለ። ልጆቹ ግን ሚዛኑ ላይ የተሻገረ ነገር አላዩም። ከሁለቱም ወገን ተነሳ እንጂ ማንም ወደ ማንም አልተሻገረም።»

ደሜ ፈላ። በልቤ፣ ትናንት ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ለእኔ! አልኩ። አፌን ልከፍት ስል ግን ሕጉ ያዘኝ፤ እኔን አንዲት ነገር አላለችኝም፣ ስለ ትምህርቱ ነው የተናገረችው። ስለ ትምህርቱ ያለችው ደግሞ እውነት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ቁጥር ሳሻግር ኖሬ፣ አንድም ቀን የት ነው የሚሻገረው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«ልክ ነው» አልኩ። «ትምህርቱ ደንቆሮ ነበር።» የወላይታው ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጥቶ ሄደ።

አፍርሰን እንደገና ሠራናት። በሚቀጥለው ጊዜ በሌላው የስምንተኛ ክፍል ልጅቷ አስተማረቻት፤ እኛ ኋላ ተቀመጥን። ሚዛኑን አስተካክላ ካቆመች በኋላ፣ ሆን ብላ ከአንዱ ወገን ብቻ ድንጋዩን አነሳች። ሚዛኑ ዘመመ። ከዚያ ምንም ሳትናገር እጇን አጣምራ ቆመች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ልናገር ምላሴን በላኝ፤ የኔታ ክንዴን ጫን አድርገው ያዙኝ። እሷ አሁንም ትጠብቃለች። በመጨረሻ በር አጠገብ የተቀመጠች፣ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ሳታስበው ጮኸች፦

«ቲቸር፣ ከዚያኛውም ያንሱለት እንጂ!»

«ለምን?» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ማስቆም አልተቻለም። ሰሌዳው ላይ «ሲሻገር» የሚል ቃል አልተነሳም። «ከሁለቱም ይነሳ» ነበር የሚሉት። የብቻ ሥራው ሲታረም የሳቱ አልጠፉም፤ የሳቱት ግን የት እንደሳቱ ራሳቸው አወቁት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

መንፈቅ ዓመቱ ደርሶ ርዕሰ መምህሩ እንደገና አስጠሩኝ። የስምንተኛ ውጤት መሻሻል እንደጀመረ አይተዋል፤ ሆኖም ልባቸው አልረጋም። «ፈተናው ቀልድ አያውቅም» አሉኝ። «ልምድ ያለው ሰው ይሻላል። እርስዎ ይረከቡት።»

የምመኘው ክፍል እጄ ላይ ነበር። አሁንም ቢሆን ስምንተኛን እንደ እኔ የሚወድ መምህር ያለ አይመስለኝም።

«አንዲት ትምህርት ሁለታችንም አስተማርናት» አልኳቸው። «እኔ ጋ ስትሆን ልጆቹን ጥላ ሮጠች። እሷ ጋ ስትሆን ቆማ ጠበቀቻቸው። ለፈተና የሚያደርሳቸው የሚጠብቃቸው ሰው ነው። ክፍሉ ከእሷ አይነሳ፤ እኛም ከኋላዋ አንነሳም።»

«ከወደቁ በእርስዎ ነው» አሉኝ። «በእኔ ይሁን» አልኩ።

ይህን የሰሙ የቢቸና ባልደረቦቼ ትምህርቷን አሳዩን አሉን። መንገዱ ሰላም በሆነ አንድ ቅዳሜ፣ ሚዛኑን ጭናችን ላይ አድርገን በሚኒባስ ሄድን። ልጅቷ በእነዚያ አንጋፋዎች ፊት አስተማረች። ስትጨርስ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ተነስተው «እጅግ በጣም ጥሩ ነበር» አሉ። እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና፣ «ጋሼ፣ ምርቃቱን በኋላ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ትምህርቱ የት ላይ ተሰናከለ?» አለቻቸው። ያን ቀን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን።

ስንመለስ መንገድ ላይ አባቷ ደወሉ። ድምፃቸው ለእኔም ይሰማኛል፤ ሚዛኑን ስትጨርሺ መልሺው ብዬሽ አልነበረም ወይ ይላሉ።

«ቢቸና ቀረ፣ አባ» አለች። «መምህራኑ ሊያስተምሩበት ለምነውኝ ተውኩላቸው።»

«አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?»

«እኔማ ሰኞ ጠዋት ስምንተኛ ክፍል ነኝ፣ አባ» አለቻቸው።