አንዴ ሲያልፍ፣ አንዴ ሲወድቅ

አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። በእጅ ማረም ስለሰለቸኝ የተማሪዎቼን ሥራ የሚፈትሽ ማረሚያ ራሴ ጻፍኩ፤ ኮራሁበትም። ያን ሴሚስተር ያዘዝኳቸው ሥራ ቀላል ነበር፦ ፕሮግራማችሁ ሲሰናዳ «ጀመርኩ» ብሎ ይጻፍ፣ «አቁም» የሚል ምልክት ሲደርሰው ወዲያው አይሙት፣ በእጁ ያለውን መረጃ ፋይል ላይ አስቀምጦ ይዘጋ። ማረሚያዬ ፕሮግራሙን ያስነሳል፣ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል፣ ምልክቱን ይልካል፣ ፋይሉን ያያል። በቃ።

ከገረሴ የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ኮርሱን ስትወስድ ለሁለተኛ ጊዜ ነው፤ ከወደቀች ትሰናበታለች። ሥራዋ ወደቀ። ቢሮዬ መጥታ ስትለምነኝ፣ የሌሎቹ ሥራ እየታረመ ሳለ ደግሜ ሞከርኩት፤ አለፈ። ሦስተኛ ስሞክረው ወደቀ።

«ቲቸር፣ ቅድም እኮ አልፎ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ።

«በዕድል የሚያልፍ ሥራ ሥራ አይባልም» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ እኔም ውጤቱን አስገባሁ።

በቀጣዩ ሴሚስተር የራሴን መልስ ከተማሪዎቹ ሥራ ጋር በዚያው ማረሚያ ብፈትሸው ወደቀ። የእኔው! መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ልጅቷ ትዝ አለችኝ። ስህተቱን ሁለት ቀን ፈልጌ ማረሚያዬ ውስጥ አገኘሁት። ማረሚያው የሚሠራበት አሮጌ ኮምፒውተር የብዙ ተማሪ ሥራ አንድ ላይ ሲያርም ይንፏቀቃል። ፕሮግራሙ ምልክት ለመቀበል ሳይሰናዳ የእኔ አንድ ሰከንድ ያልቅና «አቁም» ደርሶ ይገድለዋል። በር አንኳኩቶ ሳይከፈትለት «ሰው የለም» ብሎ እንደሚሄድ እንግዳ ነበርኩ። ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው፦ ፕሮግራሙ «ጀመርኩ» ብሎ እስኪጽፍ ጠብቅ፣ ከዚያ ላክ። የልጅቷን ሥራ አውጥቼ በተስተካከለው ማረሚያ ደጋግሜ ሞከርኩት። አንዴም አልወደቀም።

ሬጅስትራር ሄድኩ፤ ተሰናብታለች፣ ፋይሏም ተዘግቷል አሉኝ። ዲኑን ለመንኩ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ወዳለው መናኸሪያ ወርጄ ገረሴ የሚሄደው መኪና ፊት ቆምኩ። ባዶ እጄን ምን ልላት? ፈራሁ። መሳፈሩን ትቼ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሱት አባቷ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ደስ አላቸው።

«መምህሩ! ነግራናለች። ሦስት ጊዜ ሞከሩልኝ፣ ጥፋቱ የራሴ ነው አለች። ጌታ ይባርክዎ።»

ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ፣ የእኔ እንደነበረ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው» አሉ፣ ድምፃቸው በደስታ ከፍ ብሎ፣ «ነገ ልላካት?»