ከፒያሳ የመጣ ቆርኪ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ርዕሰ መምህራችን ስልካቸውን እንደያዙ ስምንተኛ ክፍል ገቡና «ስለናት ማናት? ያቺ ደብዳቤ የጻፈችው?» አሉ። ልቤ ድንግጥ አለ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ቅሬታ ነው። ተነሣሁ።

«ሐሙስ ጎንደር ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። «የታብሌቱ ጨዋታ ላይ ያንቺን ድምፅ ሊያስገቡ ነው።»

የእኔን ድምፅ! አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሰሌዳ ላይ ተሳስቼ ከተሳቀብኝ ጀምሮ በክፍል ውስጥ ያልተሰማውን ድምፅ! ደወሉ እንደተደወለ ለገነት ልነግራት ከክፍላችን ጀርባ ወዳለችው ቦታችን በረርኩ። ገነት እንደሌለች ትዝ ያለኝ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የዴስክ ጓደኛዬ ነበረች፤ አምና ከነቤተሰቧ ደባርቅ ገባች። የማወራው ሁሉ ወደ ደብተር የሚገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ቢሆንም ሮጬ ደረስኩና ለግድግዳው ነገርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ኮሶዬ ላለው ትምህርት ቤታችን ስድስት ታብሌቶች መጡልን፤ ጣራው ላይ ባለው ሶላር ነው ቻርጅ የሚደረጉት። ለአንደኛ ክፍል ልጆች የመደመር ጨዋታ አላቸው። አንዲት አህያ ወንዝ ልትሻገር ትቆማለች፤ ልጁ በትክክል በመለሰ ቁጥር አንድ መረማመጃ ድንጋይ ይቀመጥላታል። ሸጋ ጨዋታ ነው። ልጁ ሲሳሳት ግን መስታወቱ ቀይ ይሆንና «ጢጥ!» ይላል፤ ቀጥሎም የአንድ ሰውዬ ድምፅ «ስህተት ነው። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ለባንክ ማሽን ይሁን እሺ፤ ለአንደኛ ክፍል ልጅ «እባክዎ» ይባላል?

የጎረቤታችን ልጅ ውዴ በመጀመሪያው ቀን ተሳሳተች። ድምፁን ስትሰማ የትኛው ትልቅ ሰው ነው የሚጠራው ብላ ዞራ ወደ ኋላዋ አየች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷም ታብሌቱን በፊቱ ደፋችው። ከዚያ ወዲህ የታብሌት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወጥታ ከመስኮቱ ሥር ትቀመጥና በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ትቆጥራለች። በቆርኪ ስትቆጥር ብዙም አትሳሳትም፤ ብትሳሳትም ቆርኪ አይናገርም። ታናናሾቹን የማስጫወት ተራ ስለነበረኝ ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁጭ ብዬ በአንድ ገጽ ጻፍኩትና በርዕሰ መምህሩ በኩል ጨዋታውን ለሠሩት ሰዎች ላክሁት።

ረቡዕ ከትምህርት ስንመለስ ውዴ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ።

«ጎንደር ትሄጃለሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ጎንደር ቆርኪ መሬት ለመሬት ነው አሉ። አምጪልኝ።»

«ጨዋታውን አስተካክዬ ብመጣ ትገቢያለሽ?»

«ቆርኪ አምጪልኝ ነው ያልኩሽ እኮ!» ብላኝ ሄደች።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ገብስ አጨዳ ላይ ስለነበርን እናቴ አብራኝ መምጣት አልቻለችም። አስፋልቱ ድረስ ሸኘችኝ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። «ብቻሽን» አለችና ነጠላዋን አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ።

ከዳባት የመጣ ሚኒባስ አነሣኝ። መቶ ብር ከፈልኩ። ሾፌሩ ደውሎ መንገዱን ጠየቀ፤ ሰላም ነው አሉት፤ ሄድን። ከጎኔ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አያ ሞላ ይባላሉ።

«ጎንደር ምን ልትሠሪ ነው፣ ልጄ?»

«ድምፄን ሊቀዱኝ ነው።»

ረዳቱ ሰማ። «ዘፋኝ ጭነናል ጎበዝ! እስቲ አንድ በይልን!»

«ዘፈን አይደለም። የልጆች ሒሳብ ነው።»

«ሒሳብ ከሆነማ ትውረድ!» አለ፤ ሁሉም ሳቀ።

«ምነው ተዋት! በይ እኛን ጠይቂን» አሉ አያ ሞላ።

«አራትና ሦስት?» አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ! ከኋላ ወንበር ድረስ «ሰባት!» ተባለ። ረዳቱ ብቻ «ስምንት!» ብሎ ቀደመ። «ለካ መልሳችን የሚጎድለው ለዚህ ነው!» አለች አንዲት ሴትዮ፤ መኪናው በሳቅ ተናጋ። ረዳቱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ጎንደር መግቢያ፣ እስከ ወለቃ ድረስ ድምፁን አልሰማሁትም።

መናኸሪያ ስንደርስ ሁሉም በየአቅጣጫው ተበተነ። አሁን አብረውኝ ሲስቁ ከነበሩት ዞሮ ያየኝ የለም፤ አያ ሞላ ብቻ «ሸጋ ነገር ይዘሻል፤ በርቺ» ብለውኝ ዱላቸውን ተደግፈው ሄዱ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ባጃጅ ፈለግሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ብርድ ልብስ የለበሰው ክፍል

ቦታው ከፒያሳ ትንሽ ከፍ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የተቀበለችኝ መምህርት ሰላማዊት የጨዋታውን ጥያቄዎች የምታዘጋጀው ናት። «ደብዳቤሽ ሁለቴ አስቆኝ አንዴ አሳፍሮኛል» አለችኝ። ቀረጻውን የሚሠራው ያሬድ ማይኩ ፊት አስቀመጠኝና በሩን ዘጋ። እነሱ ከመስታወቱ ማዶ ሆኑ።

ግድግዳው በሙሉ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል፤ ድምፅ እንዳይመለስ ነው አሉኝ። እኛ ኮሶዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ስንጣራ ድምፃችን ይመለስልናል። ገነት ከሄደች ወዲህ እየሄድኩ ብቻዬን እጣራ ነበር፤ ቢያንስ አንድ የሚመልስልኝ አለ። እዚህ ግን ድምፄ ከአፌ ሲወጣ እዚያው ያልቃል። እንዲህ ዝም ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም።

አርባ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ወረቀት ሰጡኝ። አነበብኩ። እንደገና አነበብኩ። ያሬድ በጆሮ ማዳመጫው «ዜና አስመሰልሽው፤ የስፖርቱ ዜና መቼ ነው?» አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መምህርት ሰላማዊት በሩን ከፍታ ገባች። «ስለናት፣ ስታነቢ ማንን ነው የምታናግሪው?»

«ማንንም።»

«ድምፅሽም እንደዚያው ነው የሚለው። ሂጂ ምሳሽን ብዪና ተመለሺ። ስምንት ሰዓት ላይ አንዴ እንሞክራለን። ካልሆነ የድሮውን ድምፅ እንዳለ እንተወዋለን፤ ሌላ ቀን የለንም።»

የድሮውን! «እባክዎ» የሚለውን ሰውዬ! ደረጃውን ስወርድ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ውዴ ናት የታየችኝ።

ስድስት ሰዓት፣ ፒያሳ

አራት ወንበር ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሽሮ አዘዝኩ፤ መቶ ሃያ ብር። አስተናጋጁ መጣና «ሌላ ሰው ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። «አይ» ስለው ሦስቱን ወንበሮች አንድ በአንድ አንሥቶ እየሳቁ ለገቡ ተማሪዎች ወሰደላቸው። ጥፋት የለበትም፤ ወንበር ያስፈልጋቸዋል። ሽሮውን ግን በግማሽ ተውኩት።

ሒሳብ ሊቀበል ሲመጣ «ቆርኪ አላችሁ?» አልኩት።

«ዕጣ ያለው ነው?»

«የለም፣ ዝም ብሎ ቆርኪ።»

«ከመኪናና ከስልክ ቆርኪ መረጥሽ?» ብሎ ስቆ ገባና አንድ ፌስታል ሙሉ ይዞልኝ መጣ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፤ አንዳንዱ ገና እርጥብ ነው። ውዴ እንደምታደርገው አራቱን በአንድ ወገን፣ ሦስቱን በሌላ ደረደርኩ። ሳላስበው «በይ ውዴ፣ ስንት ሆነ?» ብዬ ጮክ አልኩ። ተማሪዎቹ ዞረው አዩኝ። ቀድሞ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። አሁን ግን ድምፄን ሰማሁት፤ ዜና አይመስልም!

ስምንት ሰዓት፣ እንደገና

ፌስታሉን ማይኩ ፊት ዘረገፍኩት። ያሬድ ከማዶ እጁን አወናጨፈ። «ምንድን ነው እሱ? ጆሮዬን!»

«ውዴ ናት» አልኩት።

የእናቴን ነጠላ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩና ቆርኪዎቹን በላዩ ደረደርኩ። ማዶ ማዶውን ማየት ትቼ እነሱን አየሁ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ አልከበደኝም። የስህተቱ ጋ ስደርስ «መልሱ ትክክል አይደለም» የሚል ተጽፏል። እኔ ግን ውዴ ከሰባት ፈንታ ስድስት ስትለኝ ታየችኝና «ቅርብ ነሽ። ነይ፣ አብረን እንቁጠር» ብዬ የጎደለችውን ቆርኪ አስጠጋሁ። ከጎኗ ካለችው ጋር ተጋጩና «ቅጭ» አሉ። ለወንዶቹም «ቅርብ ነህ። ና፣ አብረን እንቁጠር» አልኩና እንደገና፣ ቅጭ።

አበላሸሁ ብዬ ቀና አልኩ።

«ወረቀቱ ላይ የለም» አለ ያሬድ። «ቆርኪውም ገብቷል። ልቁረጠው?»

መምህርት ሰላማዊት ቆርኪዎቹን በመስታወቱ አየች። «ተወው» አለች። «ጢጡንም ቀዩንም አውጣልኝ። ይኼ ይበቃል።»

ኮሶዬ ኢንተርኔት ስለማያስተማምን አዲሱን ጨዋታ በሚሞሪ ካርድ ጫኑልኝ። ከጥፍሬ የማትበልጥ ነገር ናት። በወረቀት ጠቅልዬ ደብተሬ ውስጥ ሸጎጥኳት፤ ሚኒባሱ ውስጥ አምስት ጊዜ ከፍቼ አየኋት። በዚህኛው ጉዞ ያናገረኝ ሰው የለም። ከመስኮቱ ማዶ ፀሐይዋ ወደ ቆላው ስትወርድ እያየሁ፣ ይህን ሁሉ ማታ ለማን ነው የማወራው እያልኩ መጣሁ።

እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ነበር። «ድምፅሽ እዚያ ቀረ?» አለችኝ።

«ቀረም፣ መጣም» አልኳት።

ዓርብ፣ ትምህርት ቤት

ካርዷን ለአንደኛ ክፍል መምህሩ ሰጠሁ፤ ጨዋታው ስድስቱም ታብሌቶች ላይ ተጫነ። የታብሌት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ውዴ እንደ ልማዷ ወጣች። ቆርኪውን ልሰጣት ስጠራት እንኳ ዞራ አላየችኝም። በሩ ላይ ቆምኩ። ልጆቹ ጨዋታውን ከፈቱ። አንዱ ተሳሳተ፤ ድምፄ «ቅርብ ነህ። ና፣ አብረን እንቁጠር» አለ። ቅጭ።

ውዴ ከመስኮቱ ሥር ብድግ አለች። «ቆርኪ አለበት!» አለች። በአጠገቤ አልፋ ገባች። የልጁን ታብሌት ትክ ብላ አየችው፤ ልጁም ሰጣት። አምስትና ሦስት መጣላት። ሰባትን ነካች።

ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ሁሉም ያን ቀን አስታውሷል። ቀይ አልመጣም፤ ጢጥ አልመጣም። «ቅርብ ነሽ። ነይ፣ አብረን እንቁጠር።» ቅጭ። ውዴ እንደዚያን ቀን ዞራ ወደ ኋላዋ አየች። በዚህኛው ጊዜ ግን ሰው አለ፤ እኔ ቆሜያለሁ።

«አንቺ ነሽ!» አለች። «ቆርኪዬስ?»

ፌስታሉን አነሣሁላት።

«ታዲያ ምነው ትቆሚያለሽ?» አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችልኝ። «ነይ፣ አብረን እንቁጠር።»

ተቀመጥኩ። ስምንት ቆርኪ ደረደርን፤ ስምንትን ነካች፤ አህያዋ አንድ ድንጋይ ተራመደች።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ከፊቴ ሰው እንዳለ ካላሰብኩ ድምፄ እንደማይወጣ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው እናንተ ከፊቴ እንዳላችሁ አስቤ ነው። ታብሌቶቻችን ስድስት ናቸው፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ግን ጥቂት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ክፍት ነው። በደባርቅ መንገድ የምታልፉ ከሆነ ኮሶዬ ላይ ውረዱ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ቆርኪ ካለ ይዛችሁ ግቡ። ገነት፣ አንቺም ይህ ከደረሰሽ ደባርቅ ሩቅ አይደለም። አግዳሚው ላይ ጠጋ እንልላችኋለን። ኑ፣ አብረን እንቁጠር።